የላክኸው ዕቃ ደርሷል

ሆሳዕና፣ ሰኔ 9 ቀን

ይድረስ ስንት አገር ተሻግሮ ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ጆሃንስበርግ ብርዱ ገብቷል ብለኸኝ ነበርና ልብስ ደርብ፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መዋል አጥንት ይገባል። ባለቤትህንና ትንሿን ልጅ አላህ ይጠብቅልህ። የኔዋ ልጅ ሱመያ እጁን ሳምልኝ ብላኛለች፤ ፈተናዋ ስለደረሰ ቀና ብላ ሰው የምታይበት ጊዜ የላትም። እኔም አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ዝናቡም ጀምሯል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጎረቤታችን የያሲን ታላቅ ልጅ ነው። ወረቀቱ ተስተካክሎለት በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ የታደለ። በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን ያደርጋል ትል ይሆናል። በስልክ ልል ያልቻልኩትን ነው የምጽፍልህ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ታውቃለህና ፊደሉ ቢጣመም አቃንተህ አንብበው።

በመጀመሪያ ምስጋናዬን ተቀበል። የላክኸው ዕቃ ደርሷል፤ መኪናዋም ተነሥታለች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሆሳዕና ዱራሜ እየሠራሁ ነው። ነገሩን ግን ከሥሩ ልንገርህ፤ በስልክ ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን አልሰማህም።

በጥር ነው የጀመራት። አንድ ቀን ከዱራሜ ስንመለስ፣ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ የዝናብ መጥረጊያዋ ተነሥቶ ደረቅ መስታወት ይጠርግ ጀመር። ባጠፋው አይጠፋም። አንዲት ገበያተኛ ከኋላ ሆና፣ መኪናዋ ዝናቡን ቀድማ አይታዋለች፣ እርሻችሁን አዘጋጁ ብላ ሰዉን አሳቀችው። እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ ተራው የክላክሱ ሆነ። ሞተሯ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ መናኸሪያው መሐል ቆማ ትጮኻለች። ተራ አስከባሪውን ሙስጠፋን ታስታውሰዋለህ፣ ምላሱ የማያርፈውን። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጋሼ፣ ሙአዚን ቀጥረሃል እንዴ? ገና ዙሁር አልደረሰም እኮ" ይለኛል። ከዚያ ደግሞ በሮቹ። መንገድ ላይ ሳለን ቀጭ ብለው ይቆለፋሉ፤ ወራጅ ያለ ሰው በመስኮት እጁን አውጥቶ በውጭ በኩል ነው የሚከፍተው። ጂን ገብቶባታል ተባለ፣ ሰው መሳፈር ፈራ።

ያልወሰድኳት ጋራዥ የለም። አንዱ ባትሪ ነው አለኝ፣ ቀየርኩ። ሌላው ፊውዝ ነው አለኝ፣ ቀየርኩ። ሦስተኛው የክላክሱን ሽቦ ቆርጦ አሁን ትጩህ እስኪ አለ። እውነትም መጮኋን ተወች፤ በማግስቱ ግን ጭራሽ አልነሣም አለች። ቁልፉን ሳዞረው ዳሽቦርዱ ላይ ቁልፍ የተሳለባት ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ሌላ ምንም የለም። ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

ወደ ተረፈ የሄድኩት ያኔ ነው። ሆሳዕና የመጣው አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ አታውቀውም ነበር፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው ሥራው፣ ዕድሜው ያንተን ያህላል፣ ወሬ አያበዛም። በገመድ አስጎትቼ ወሰድኩለት። ከመሪው ሥር አንድ ማሽን ሰካና ጠብቅ አለኝ። ማሽኑ መኪናዋን ክፍል በክፍል ይጠይቃታል፣ እሷም ትመልሳለች። ሞተሩን ጠየቀ፣ መለሰ። ፍሬኑን ጠየቀ፣ መለሰ። ሌላ አንድ ነገር ሲጠይቅ ዝም። ደገመው፣ ዝም። ቦዲ ኮንትሮል ሞጁል ይባላል አለኝ። መብራቱን፣ በሩን፣ ክላክሱን፣ መጥረጊያውን የሚያዘው እሱ ነው። የባለቤቱን ቁልፍ ለይቶ ተነሺ አትነሺ የሚላትም እሱ ነው። የቤቱ አባወራ በለው አለኝ።

እንደ ሌሎቹ ቶሎ አልፈረደበትም። "ዝም ያለ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ አልደርሰው ብሎም ይሆናል" ብሎ ቴስተሩን አውጥቶ ወደ ሳጥኑ የሚገቡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ለካ። ያቺን ንግግሩን እኔ ለመኪናዋ አልሰማኋትም። ልጄ ነስሩ ከመንገድ ከደወለ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ቤቴ ገብቼ ለሱመያ ሳይቀር ነገርኳት፣ ስለ መኪናዋ አስመስዬ።

ሽቦው ግን ደህና ነበር። በማግስቱ ሳጥኗን ነቅሎ ከፈታት። የእጅ መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን ናት። ውስጧ እንደ ሻጋታ ዝጓል። "ውኃ ገብቶባታል ጋሼ፣ ቆይቷልም። ወንዝ ተሻግረህባት ነበር?" አለኝ። አይ፣ ስትታጠብ ይሆናል አልኩት።

ዋሸሁት። ውኃው ከየት እንደገባ አውቅ ነበር። ላንተም እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

በጥቅምት ነስሩ ሲነሣ ያልከኝን አልረሳሁም። መንገዱ እኔ የመጣሁበት መንገድ አይደለም፣ አትላከው ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን የሌላ ሰው ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ልኮ ያሠራውን ፎቅ በየቀኑ እያየሁ ነው የማልፈው። ልጁ ለመነኝ ብዬ ነበር የነገርኩህ። ለምኖኛል፣ ግን ባይለምነኝ ኖሮም ሂድ የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች። እናቱ ረምላ ብትኖር፣ አላህ ይርሐማት፣ በሩ ላይ ተጋድማ ታስቀረው ነበር። እሷ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት፤ እዚህ ቤት እምቢ የሚለኝ ሰው የለም። ሽማግሌዎች ጠርተን ዱዓ ተደረገ። ቁርአን የተቀራበት ውኃ በጆግ ቀረበ፣ ነስሩ ጠጥቶ ፊቱን አበሰ። የተረፈውን ይዤ ወጣሁ። እስከ ሻሸመኔ የማደርሰው በዚህችው መኪና ነበርና ጎማዋ ላይ አፈሰስኩ። አልበቃኝም። ገብቼ መሪው ላይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ በየቀዳዳው፣ ጆጉ እስኪደርቅ አንቆረቆርኩት። ልጄን ከየትኛውም በኩል እንዲጠብቅልኝ ነው። ውኃው ጥፋት የለበትም፣ ዱዓውም የለበትም። ያለ ቦታው ያፈሰሰው እጄ ነው። ልጄንም እሺ ብሎ የሸኘው ይኸው እጅ ነው።

የተበላሸችው ሳጥን ቁጥሯ የሚገጥም እዚህ ጠፋ፣ አዲስ አበባም ተጠይቆ ጠፋ። አንተ እዚያ ከተበተነ መኪና አስወልቄ እልክልሃለሁ ስትለኝ ሱመያ ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልህ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ተረፈ ስለ ቁልፉ ነገረኝ። ከሌላ መኪና የወጣ ሞጁል የሚያውቀው የሌላ ሰው ቁልፍ ነው። ያንን አስረስቶ የእኛን ማስተዋወቅ አለበት፤ ስለዚህ ያሉኝ ቁልፎች ሁሉ በአንድ ቀን ይቅረቡ አለ። ያን ቀን ያልቀረበ ቁልፍ ለመኪናዋ ባዳ ነው፣ በር ቢከፍትም ሞተር አያስነሣም።

መኪናዋ ያላት ሁለት ቁልፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ነስሩ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት እሱ ስለነበር የሚያሞቃት፣ ኪሱ ውስጥ ረስቶት ሄደ። ራሱ ተሰንጥቆ እኔው በቢጫ ቴፕ የጠቀለልኩት ቁልፍ ነው። ከሞያሌ ደውሎ እየሳቀ፣ አባባ ቁልፉን ይዤው መጥቻለሁ፣ ኬንያ ውስጥ የሚከፍተው መኪና ካገኘሁ እልክልሃለሁ አለኝ። እኔም ስቄ ጣለው አልኩት። እንዴት እጥለዋለሁ አለ።

የመጨረሻው ስልኩ ከታንዛኒያ ነበር፣ በታኅሣሥ ማለቂያ። ወደ ማላዊ ልንሻገር ነው፣ ብዙ ሆነን ነው የምንሄደው አለኝ። ከዚያ ወዲያ የለም። አንተን ስጠይቅህ፣ እዚያ ድንበር ላይ ብዙ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ተይዘው ታስረዋል፣ እያፈላለግሁ ነው አልከኝ። አመንኩህ። የታሰረ ይፈታል ብዬ ተጽናናሁበት፤ ለእሥሩ አላህን አመሰገንኩ፣ አስበው።

ስለዚህ ተረፈን እምቢ አልኩት። ልጄ ታስሮ እያለ ቁልፉን ባዳ አላደርግበትም፣ ይቆይ አልኩ። ሲመጣ መልሰን እናስተዋውቀዋለን፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብሎ ለመነኝ። ዕቃው እየመጣ ነው፣ ሥራ ፈትተህ ትቀመጣለህ እንዴ አለኝ። አልሰማሁትም። ላንተም ይህንኑ በስልክ ስነግርህ ዝም አልክ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። "አለሁ ጋሼ" አልክ። የተረፈን ስልክ ቁጥር ጠየቅኸኝና ዘጋህ።

በግንቦት ዕቃው ሲመጣ በእኔ ሳይሆን በተረፈ ስም መሆኑ ትንሽ ገረመኝ፤ ባለሙያው እሱ ነው ብዬ ተውኩት። ተረፈ ጠርቶኝ፣ ያለህን አንዱን ቁልፍ ይዘህ ና፣ ሌላው እንዳይጠፋ ዘዴ አግኝቻለሁ አለኝ። ዘዴው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት፣ በዚህ ጉልበቴ።

ሳጥኗን በቦታዋ ገጠመ። ማሽኑን ሰክቶ የመኪናዋን ቁጥር ጻፈባት። ቁልፌን አስገብቶ ሲያዞር በሮቹ ሁሉ በአንድ ላይ ቀጭ አሉ፣ ፍሬቻው ብልጭ አለ፣ ያቺ ቀይ መብራት ጠፋች። አስነሣት፣ ተነሣች። ዘይት በጠጣው መሬት ላይ በግንባሬ ሱጁድ ወረድኩ። ቀና ስል ተረፈ ፊቱን አዙሮ ነበር። ቁልፌን መለሰልኝና ከማዶ ሱቅ ውኃ እንድገዛለት ላከኝ። በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው የሚልክ ልጅ አይደለም። ሄድኩ።

መንገዱን ሳልሻገር፣ የኔ ቁልፍ በእጄ እያለ፣ ከኋላዬ የመኪናዋ በሮች እንደገና ቀጭ ሲሉ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ተረፈ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማስነሻው ቁልፍ ይነቅላል። ቢጫ ቴፕ። የቱታው ደረት ኪስ ውስጥ ከተተው።

ሱቁ ሄጄ ውኃውን ገዛሁ። ባለሱቁ መልሴን ሰጥቶኝ ጋሼ፣ ጋሼ እያለ ተከተለኝ፤ ውኃውን ትቼለት መጥቼ ነበር። ስመለስ ማሽኑ ገና እንደበራ ነው። እንግሊዝኛውን ባላነብም ቁጥር አነባለሁ። 2 ይላል።

"አሁን ስንት ቁልፍ ታውቃለች?" አልኩት።

"ያንተን ታውቃለች ጋሼ" አለኝ።

አየኝ፣ አየሁት። እኔም ያየሁትን አልተናገርኩም፣ እሱም የያዘውን አላወጣም። ስለ ድካሙ ዋጋ ሳነሣበት ተቆጣኝ። መኪናዋን እየነዳሁ ወጣሁ።

ወንድሜ፣ ቁልፍ ብቻውን ድንበር አይሻገርም። የታሰረ ሰው ዕቃ ደግሞ ሲፈታ ለራሱ ይመለስለታል እንጂ ለዘመድ አይሰጥም። እኔ ብዙ አልተማርኩም፣ ይህን ግን አውቃለሁ። ቁልፉ አንተ እጅ ከገባ ኪሱም፣ ልብሱም አንተ እጅ ገብቷል። አልቆጣህም። እኔ በግትርነቴ ሥራ ፈትቼ እንዳልቀር አዝነህ ነው የላክኸው፤ እንዳላይም ተረፈን አደራ ብለኸዋል። ሌላ ሰው አታሎኝ ቢሆን እቀየም ነበር። ያንተን ግን ሳስበው፣ ያንን ቁልፍ ስትጠቀልለው እጅህ ምን እንደሆነ ነው የሚታየኝ።

ከተማውም የሚያውቅ ይመስለኛል። ሙስጠፋ መቀለዱን ትቷል። ተራዬ ሳይደርስ ያስጭነኛል፣ ሌሎቹ ሹፌሮችም ዝም ይላሉ። ቢቆጡኝ ነው የምመኘው፣ ይስደቡኝ። መስጊድ ስገባ ቦታ ይለቁልኛል። እኔም የአገሬን ሥርዓት ስለማውቅ አልጠይቅም። መርዶን ሰው ይነገረዋል እንጂ ጠይቆ አይቀበልም። የምጠይቀው ሰው ሁሉ ወይ ይዋሸኛል ወይ እሱ ራሱ መርዶ ነጋሪዬ ይሆናል፤ ለማን ላሸክመው?

ደግሞ እንዴት እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹን በንጋት ከፈጅር ሶላት በኋላ ስንት ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ በዚህችው መኪና። ድምጿ እንዳያስደነግጥ ራቅ አድርጌ አቆማለሁ፣ እነሱ በእግር ይገባሉ። አንድ ጊዜ ሀቢቾ ሰፈር፣ ወርቅዬ የምትባል ሴትዮ ቤት ሄድን፤ የሷም ልጅ እዚያው መንገድ ላይ ነበር የቀረው። ገና ሰላምታ ሳይሰጧት፣ "ዛሬ ነው የምትመጡት? ቤቱን ጠርጌ ሰሌኑን ካነጠፍኩ አሥራ አንድ ቀኔ ነው" አለቻቸው። እኔ ውጭ ቆሜ ሰምቼ፣ ለሷ ያሰብን መስሎን አሥራ አንድ ቀን ብቻዋን አስለቀስናት ብዬ ነበር። ብዬ ግን ተውኩት፤ በሚቀጥለውም ቤት እንዲሁ አደረግን።

አሁን ከፈጅር በኋላ አልተኛም። ልብሴን ለብሼ የእግር ድምፅ አዳምጣለሁ። አይመጡም። ለምን እንደማይመጡም ገብቶኛል፤ የሱመያ ፈተና እስኪያልፍ ነው። ልክ ናቸው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምመክረው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረችው በዚህች ሳምንት እንዳይጠፋባት ለሷ ስል እኔም አላወቅሁም። እራት ስታቀርብልኝ እበላለሁ። ነስሩ አልደወለም ወይ ብላ መጠየቅ ግን ትታለች፣ ከዚህ ወር መግቢያ ጀምሮ። አንዳንዴ ደብተሯ ላይ አጎንብሳ ገጽ ሳትገልጥ ብዙ ትቆያለች። እሷም ለእኔ ብላ የምትደብቀኝ እንደሆነስ? አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው እንዲህ ተቀምጠን፣ እኔ ሳል ሲይዘኝ እሷ ትደነግጣለች።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ ኢንሻአላህ። ያልቻልኩት ዱዓውን ነው። በየሶላቱ ያ ረቢ፣ መንገደኛውን በሰላም አግባልኝ ስል ነው የከረምኩት። ከዚያች ቀን ወዲህ ግንባሬ መሬት ሲነካ ምላሴ ይታሰራል። የሙት ዱዓ እንዳላደርግለት፣ በሕይወት ካለ በገዛ አፌ እንዳልቀብረው እፈራለሁ። የመንገደኛውን እንዳልል ደግሞ፣ ሞቶ ከሆነ ስንት ጁምዓ ያለ አባቱ ዱዓ አለፈበት እላለሁ። ሁለቱን ትቼ ስሙን ብቻ እጠራለሁ። ነስሩ፣ ነስሩ እላለሁ፣ ሌላ ቃል አይመጣልኝም። አላህ ከስሙ ምን እንደሚሰማ እሱ ያውቃል።

ስለዚህ የምለምንህ ሽማግሌዎቹን አስቸኩላቸው ብዬ አይደለም። ይቆዩ፣ ልጅቷ ትፈተን። ስትደውልም እንደ ወትሮው ስለ መኪናዋ ጠይቀኝ፤ ሱመያ አጠገቤ ስለምትሆን ደህና ትሠራለች እልሃለሁ። ለዚህ ደብዳቤ ግን መልሱን በእጅህ ጻፍልኝና በሚመጣ ሰው ላክልኝ፣ ለእኔ ብቻ። ረጅም አይሁን። እንዴት ሆነ፣ የት ሆነ አልልህም፤ መስማት የምችልበት ቀን ሲመጣ እጠይቅሃለሁ። አንዷን ብቻ ንገረኝ። እዚያ ማላዊ ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ አውቆ ፊቱን የሚያዞርለት ሰው አጠገቡ ነበር?

አላህ በሰው አገር ብቻህን የተሸከምከውን ያቅልልህ፣ ጀርባህን ያበርታልህ። ልጅህን ከዓይንህ አያርቅብህ። እኔንም ለሱመያ ያቁመኝ። ለሁላችንም ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጠን፣ አሚን።

ታላቅ ወንድምህ፣
የነስሩ አባት